ለአባታችን ተዝካር የላክኸው እርሾ

ይድረስ ለወንድሜ ለሐዱሽ ገብረእዝጊ፣
ምሥራቅ ጀርመን፣ ካለህበት።

እንደምን ከረምክ ወንድሜ? ጤናህ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይስ እዚያም ተከትሎህ ሄደ? ብርዱ እንዴት አደረገህ? የሰው አገር ምግብስ ተስማማህ? ሥራውስ፣ ትምህርቱስ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ደብዳቤ ሲጻፍ እንዲህ ስለሚባል ብቻ አይደለም። ብናደድብህም ታላቅ እህትህ ነኝ፤ እንቅልፍ ሲወስድህ ብርድ ልብስህን ረግጠህ የምትጥል ልጅ መሆንህን ስለማውቅ፣ ከልቤ ነው የምጠይቅህ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ሌላ ጊዜ ስጽፍልህ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን እል ነበር። ዛሬ ናፍቆቱን ትቼዋለሁ። ለምን እንደተውኩት እስከ መጨረሻው ስታነብ ይገባሃል፤ ስለዚህ መሀል ላይ አጣጥፈህ ኪስህ እንዳትከተው። ደብዳቤ በመንገድ ላይ የሚከፍት ሰው አለ ሲሉ እሰማለሁ። ካለም ይክፈተውና ያንብበው፤ የማወራው ስለ እርሾና ስለ ጠላ ነው፣ በዚህ የሚጠየቅ ሰው ቢኖር አንተ ብቻ ነህ።

ጉርድ ሾላ እንደተውካት ናት። የቀበሌው ሱቅ ስኳር መጣ ሲባል ሰልፉ እስከ ዋናው መንገድ ይደርሳል፤ ተሰልፈን ተሰልፈን ሳሙና ይዘን እንገባለን። የእኛ ቤት ጣራ አሁንም ያፈሳል። አውሮፕላኑ ከቦሌ ተነስቶ በላያችን ሲያልፍ እናታችን አደይ ዛሬም ከቤት ወጥታ ቀና ብላ ታየዋለች። ድሮ፣ ልጄ ያለበት አገር የሚሄደው ይኼ ይሆን እያለች ትመርቀው ነበር። አሁን አይታ አይታ ዝም ብላ ትገባለች።

ጋኑን ታስታውሰዋለህ? ልትሄድ ስትል አደይ ከሾላ ገበያ ገዝታ፣ በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ጓዳው ጥግ የደፋችውን አዲስ ጋን ማለቴ ነው። ይኼ የልጄ የመምጫው ጋን ነው፣ ጠላ የሚጠነሰስበት እሱ አገሩ የገባ ለት ነው ብላ ማንንም አታስነካም ነበር። ለፋሲካ ጋን ሲያጥረን እንኳ ከጎረቤት እንዋስ ነበር እንጂ እሱን ያነሳ ሰው የለም። ሚስትህ ሣባ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግለት ነበር። የሕፃን ፊት እንደሚያጥብ ሰው ነበር ቀስ ብላ የምትጠርገው። ሠርጋችሁ ከተደገሰ ዓመት ሳይሞላ ነው የሄድከው፤ ከአንተ የቀራት ዕቃ ቢኖር እሱ ጋን ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። አባታችን አቦይ ገብረእዝጊ ያረፉ ጊዜ ቴሌግራም ላክንልህ። ፈቃድ አልሰጡኝም ብለህ መለስክ። አመንንህ፣ አሁንም አምንሃለሁ፤ በሰው እጅ ያለ ሰው እንደ ልቡ አይሆንም። ያ ዓመት ምን ዓመት እንደነበር ደግሞ አንተም በሬዲዮ ሰምተኸዋል። አገር ቤት ያሉት ዘመዶቻችን የሚቀምሱት አጥተው በየመንገዱ የወደቁበት ዓመት ነው። እዚህም ቢሆን እህል በኬላ አላልፍ ብሎ፣ ገብስ እንደ ወርቅ ተሸሽጎ የሚገኝ ነገር ሆኖ ነበር። አደይ፣ ጸሎቱና ንፍሮው ይበቃል፣ አቦይም ቢሆኑ በዚህ ዓመት ድግስ አይወዱም ብላ ነበር። አክስታችን እትዬ ትብለጽ ግን ወንድሜን ያለ ጠላ አላሰናብተውም ብለው ድርቅ አሉ። እሳቸው ድርቅ ሲሉ ደግሞ ማን ይመልሳቸዋል? ገብሱ ከዚህም ከዚያም፣ ከዘመድ ከአዝማድ በእፍኝ በእፍኝ ተለቃቅሞ ሲሟላ ተዝካሩ ደርሶ ነበር። ብቅል የሚበቅልበት ጊዜ አልነበረም።

ኃይለኪሮስ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። አብሮህ ሲማር ቆይቶ ወደ አገር ሲመለስ የላክኸውን ሁለት ቆርቆሮ እርሾና ደብዳቤ በር ላይ ሰጥቶን፣ በማግስቱ ለሥራ ወደ አሰብ ስለተላከ ቁጭ ብሎ ሊያወራን እንኳ አልቻለም። ደብዳቤህን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ያልከውን ልጥቀስልህ። የአባቴን ቀብር አልደረስኩም፣ የተዝካራቸውን ጠላ ግን እኔ እጠነስሳለሁ አልክ። ይኼ የፈረንጅ እርሾ ነው፣ ብቅልም ጥንስስም አያስፈልገው፣ ለብ ባለ ውሃ በጥብጣችሁ ብትጨምሩት አድሮ ይፈላል አልክ። ጋኖቹን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ የድሮ እርሾ እንዳይቀላቀለው ብለህም አዘዝክ። አደይ ደብዳቤውን ተቀብላኝ ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሁለቱን ቆርቆሮ ከሥዕለ ማርያም ሥር አስቀመጠቻቸው። ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር፣ ልጄ በሰው አገር ሆኖ የአባቱን ጠላ ጠነሰሰ እያለች ታሳይ ነበር። ያን ጊዜ በአንተ ኮርቼ ነበር። ይኼን ስጽፍልህ ያንገበግበኛል፣ ግን ኮርቼ ነበር።

ሣባ ግን ፈራች። እሷ እናቷ ዘንድ ጠላ ስትጠነስስ ያደገች ልጅ ናት፤ የማታውቀው ነገር ላይ ያን ሁሉ እህል መድፋት አስጨነቃት። ለማንኛውም ከጎረቤት ትንሽ ጥንስስ ተውሰን በአንዱ ጋን እንኳ ብንጨምርስ ብላ አደይን ለመነቻት። አደይ፣ ልጄ ሌላ እንዳይቀላቀልበት ብሏል እኮ አለቻትና ነገሩ እዚያው ቀረ። ሐዘንተኛ ላይ ማን አፍ ይከፍታል? ሣባም ጋኖቹን ባዘዝከው መሠረት በፈላ ውሃ ልቅም አድርጋ አጠበች። ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ እንኩሮውን አሰናድታ፣ ጌሾውን ጨምራ፣ እርሾህን በለብታ ውሃ በጥብጣ ደፈደፈች። ጋን አንሷት ስትቸገር የመምጫህን ጋን እናንሳው ብዬ ነበር። አደይ ተቆጣችኝ።

ጠላ ሲፈላ ጆሮህን ጋኑ ላይ ብትደግፍ ይሰማሃል፤ ውስጥ ለውስጥ ይንሾካሾካል። ልጆች ሆነን በዚያ ስንጫወት አደይ ታባርረን ነበር፣ ታስታውሳለህ። ሣባ በማግስቱ ጆሮዋን ደግፋ ብታዳምጥ ምንም የለም። ትንሽ ይቆይ ተባለ። ቆየ። ሽፋኑ ሲገለጥ ላዩ ነጥቷል፣ ሽታው ተረስቶ የከረመ ሊጥ ይሸታል። የሚመለስበት ጊዜ አልነበረም፤ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ካህናቱ ተጠርተዋል፣ ዕድርተኛው እየገባ ነው። እትዬ ትብለጽ ተጣርቶ ይቀዳ አሉ። የንስሐ አባታችን አንዴ ቀመሱና ጣሳውን ድምፅ ሳያሰሙ ከወንበራቸው ሥር አስቀመጡት። ከእሳቸው በኋላ እያንዳንዱ ሰው እንደሳቸው አስቀመጠ። ጠላ የሌለው ተዝካር አይቻለሁ፤ ጠላ ቀርቦ ማንም የማይጠጣበት ተዝካር ያየሁት የአባቴን ብቻ ነው።

በማግስቱ ድፍድፉን ወደ ቦዩ ደፋነው። በዚያ ዓመት፣ ሐዱሽ። በመንደሩ የሚያልፉ ሴቶች ቆመው እያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጉ ነበር። ገብሱን በእፍኝ ካዋጡት ውስጥ የራሷ ልጆች ቆሎ ያጡባት አለች፤ እሷም ቆማ አየች። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ይኼ ሁሉ አልፎ በዚሁ ቢያበቃ ዛሬ አልጽፍልህም ነበር። የሴቶቻችንን ነገር ታውቃለህ፤ ጠላ እምቢ ካለ ጥፋቱ የእህሉ አይባልም፣ ጋን ያደፈ እጅ አይቀበልም ይላሉ። ከባሏ ሌላ ወንድ ያወቀች ሴት የደፈደፈችው አይነሳም ይላሉ። እትዬ ትብለጽ ይኼን ማድ ቤት ውስጥ፣ ሣባ ጣሳ እያጠበች፣ ሌላ ሰው የሚያሙ መስለው ተናገሩት። ሴቶቹ ዝም አሉ። የዚያን ዕለት ዝምታ ነገሩን እንደ ማኅተም አጸናው። እኔ ተነስቼ፣ አክስቴ ይተዉ፣ የሰው ስም ነው ብዬ ጮህኩ። አንቺ ደግሞ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ባል ሳታውቂ ስለ ባለትዳር አታውሪ አሉኝ። እኔን ዝም ማሰኘት ሲፈልጉ የሚያነሱት ሁልጊዜ ይኼን ነው።

ጎረቤታችንን ሐቢባን ታውቃታለህ፣ ከወሎ የመጣችው፣ ባሏ መኪና ነጂ የሆነው። ሁለተኛው ቆርቆሮ ግማሽ ያህል ተርፎ ነበርና አደይ ለዳቦ ይሁንሽ ብላ ሰጠቻት። ሐቢባ ለመውሊድ ድፎ ልትደፋ በዚያ አቦካች። ሊጡ እንደተኛ ቀረ። እጇን ሳትታጠብ መጥታ፣ እርሾው የሞተ ነው፣ በልጅቷ አትፍረዱ አለቻቸው። እትዬ ትብለጽ፣ ጠላ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት ስለ ጠላ ምን ታውቃለች ብለው አባረሯት። አደይም አላመነቻትም። የፈረንጅ ነገር፣ ያውም በቆርቆሮ የታሸገ፣ ያውም ልጇ የላከው ይሞታል ብላ እንዴት ትመን? ሰው ያረጃል፣ እህል ይነቅዛል፤ ከውጭ አገር የመጣ ቆርቆሮ ግን እሷ ዘንድ ሞት የማያውቀው ነገር ነው። እርሾው ሞቷል ካለች ልጇ ዋሽቷል ማለቷ ነው። ስለዚህ ምራቷ ብትባልግ ቀለላት።

ከዚያ እትዬ ትብለጽ ላንተ አስጻፉ። እኔ እንዳልሰማ ሌላ ሰው ፈልገው ነው ያስጻፉት፤ ምን እንዳሉህ ያወቅኩት መልስህ ከፋሲካ በኋላ ሲመጣ ነው። መልስህን በሽማግሌዎች ፊት አስነበቡት። ሣባ ከእናቴ ቤት ትውጣ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሚስቴ አይደለችም፣ እኔም ባሏ አይደለሁም አልክ። ስለ እርሾው አንድ ቃል አልነበረበትም። እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ፤ አሁን ይጠይቃል፣ አሁን እንዴት ሆነ ይላል ብዬ። ሰላምታ ሰጥተህ ጨረስክ።

ሣባ አላለቀሰችም። የውሃ እንስራውን ሞላች፣ ቤቱን ጠረገች። ቅዳሜ ስላልነበረ ይሆን አላውቅም፣ ጋኑን አላየችውም። ልብሷን በአንዲት ሻንጣ አድርጋ ኮተቤ አክስቷ ዘንድ ሄደች። አደይ ጓዳ ተቀምጣ ነበር። አትሂጂ አላለቻትም፣ ሂጂም አላለቻትም። እኔ እስከ መንገዱ ሸኘኋት፤ ስንለያይ፣ እትዬ አለም፣ አንቺን አልቀየምም አለችኝ። ሌላውን ሁሉ እንደተቀየመች ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሰው ግን እዚያም አልተዋትም። በወሬው መሠረት ሆዷ መግፋት ነበረበትና ኮተቤ የዘመድ ዘመድ ያላቸው ሴቶች እየሄዱ ሲያዩዋት ከረሙ። ሆዷ ሳይገፋ ሲቀር ደግሞ አስወርዳ ነው አሉ። ቢገፋ ጥፋተኛ፣ ባይገፋ ጥፋተኛ። እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ፣ ይህች ልጅ ምን ብትሆን ነበር ንጹሕ የምትባለው?

አሁን ስማኝ። መስከረም ላይ ኃይለኪሮስ ከአሰብ ለፈቃድ መጣና ሊጠይቀን ገባ። አቦይን እያነሳን ስንጨዋወት፣ ያ እርሾ እንኳ ለተዝካሩ ሠራላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እየሳቀ ነው የጠየቀው፤ ክፋት የሌለው ልጅ ነው። ለምን ትስቃለህ ስለው ነገረኝ። የማደሪያችሁ ወጥ ቤት ሠራተኛ ዕቃ ክፍሉን ስታጸዳ ቀናቸው ካለፈ ቆይቷል ያለቻቸውን ቆርቆሮዎች ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ደርድራ ነበር አለኝ። ሐዱሽ ሁለቱን አነሳ አለኝ። ሴትዮዋ እነዚህ አይሠሩም ብላ በእጇ ብትከለክለውም፣ ወደ እኛ አገር ሲሄድ ማን ቀን ያያል፣ እናቴ እንደሆነች ቆርቆሮውን ካየች ይበቃታል ብሎ ላዩ ላይ ያለውን ወረቀት ልጦ ሰጠኝ አለኝ። እኔ ሳልስቅ ስቀር ኃይለኪሮስም ሳቁን አቆመ። የሣባን ነገር ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ምነው ሐዱሽ ይኼን ሲሰማ ምን አለ አለኝ። ምን አለ ልበለው?

ለአባትህ ተዝካር የቆሻሻ እርሾ ስለላክህ አይደለም ይኼን የምጽፍልህ። እሱን እንኳ ችግር ነው፣ እጁ ላይ የነበረው እሱ ነው፣ ባዶ እጄን ከምቀር ብሎ ነው ብዬ ይቅር እል ነበር። ይሠራል ብለህ ገምተህም ሊሆን ይችላል። ግን የእትዬ ትብለጽ ደብዳቤ ሲደርስህ፣ ጠላው ስላልፈላ ሚስትህ ባልጋለች ተብሎ ሲጻፍልህ፣ በዚህ ዓለም ላይ ጠላው ለምን እንዳልፈላ የምታውቅ አንተ ብቻ ነበርክ። ሁላችንም ሳናውቅ ነው የፈረድነው፤ አደይ ሳታውቅ፣ እትዬ ትብለጽም በክፋታቸው ቢሆን እንኳ ሳያውቁ። አንተ ግን እያወቅክ ብዕር አንስተህ ጻፍክ። እርሾው ሙት ነበር ብትል አንድ መስመር ነበር። አንድ መስመር አጥታ ነው ሣባ ሻንጣዋን ይዛ የወጣችው።

ለምን እንዳደረግከው ስጠይቅ ቆይቻለሁ። ሐዱሽ ብቻውን ነው ወይ የሚኖረው ብዬ ብጠይቀው ኃይለኪሮስ ጫማውን ማየት ጀመረ። እሱን ራሱን ጠይቂው አለኝ። አልጠይቅህም። ምክንያት ስታጣ እትዬ ትብለጽ ምክንያቱን በፖስታ ላኩልህ፤ የደረሰልህን ተቀበልክ። ሌላ ሴት መውደድህን ብትጽፍ እንናደድ ነበር፣ እናለቅስ ነበር፣ ግን ሣባ ቀና ብላ ነበር ከቤታችን የምትወጣው። እንዲህ ዓይነት ፈሪ መሆንህን አላውቅም ነበር። አንጀቴ አሮ ነው የምጽፍልህ።

ለአደይ የነገርኳት እኔ ነኝ። ኃይለኪሮስ ያለኝን አንድ በአንድ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ተነስታ ካንተ እርሾ የቀረውን ቆርቆሮ ከሥዕሉ ሥር አነሳችው፤ ስኳር ታስቀምጥበት ነበር። ስኳሩን ገልብጣ ቆርቆሮውን ለውሻ ውሃ ማጠጫ አደረገችው። በማግስቱ ኮተቤ ውሰጂኝ አለችኝ። ድንጋይ ከቤት ተሸክሜ ካልሄድኩ ብላ አስቸገረችኝ፤ ያን ሁሉ መንገድ በዚህ ጉልበትሽ አይሆንም ብዬ ለምኜ አስጣልኳት። ኮተቤ ስንደርስ ግን ከመንገዱ ዳር አንስታ አንገቷ ላይ አደረገችው። እናትህ፣ ሐዱሽ፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ የቀበሌው ሰው እያያት፣ ድንጋይ ተሸክማ በምራቷ ደጅ ቆመች። ሣባ ከውስጥ ስታያት በባዶ እግሯ ሮጣ መጥታ ድንጋዩን ተቀበለቻት። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ያን ጊዜ አላለቀስኩም፣ አንተን ስሰድብ ነበር።

አደይ ተመለሺ ብላ ለመነቻት። ሣባ በጨዋ አንደበት፣ ይቅር ብያለሁ አደይ፣ ቤቱ ግን የባሌ ነበር፣ ባሌ ደግሞ የለም አለቻት። አንድ ነገር ብቻ እሺ አለች፤ የአቦይን የሙት ዓመት ጠላ እኔ እጠነስሳለሁ አለች። እስኪያርፉ ድረስ ልጄ ይሉኝ ነበር፣ ያ ተዝካር በእጄ ላይ እንደዚያ ሆኖ አይቀርም አለች።

መጣችም። ብቅሉን ራሷ አበቀለች፣ ጥንስሱን ጊዜውን ጠብቃ ጠነሰሰች። የት ልደፍድፍ ስትል አደይ ጓዳ ገብታ የመምጫህን ጋን አቀናችውና በዚህ አለቻት። ሣባ እጇን ሰበሰበች። ይኼ እኮ የሱ ነው አለች። አደይ፣ ደፍድፊበት አልኩሽ ብላ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ሣባ ጠርታኝ ጆሮዬን ጋኑ ላይ አስደገፈችኝ። ይንሾካሾካል። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኖቿ ሞልተዋል፤ ትብለጽ ከምላሷ ይልቅ ጆሮዋን ብታመጣ ኖሮ አለች። አክስታችንን ያለ እትዬ ስትጠራ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የሙት ዓመቱ ዕለት ጠላው አልቆ ሰው ይጨመር ሲል ነበር። የንስሐ አባታችን ደገሙት። አደይ ካህናቱና ዕድርተኛው በተቀመጡበት ቆማ፣ አምና ያበላሸው የልጄ እርሾ ነው እንጂ የዚህች ልጅ እጅ አይደለም፣ ስሟን ያነሳ ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃት አለች። ጥቂት ሴቶች ተነስተው ጉልበቷን ሳሙ። እትዬ ትብለጽ ጠላውን ጠጡ፣ ጥሩ ነው አሉ፣ ሐዱሽ ራሱ ካልጻፈ ግን እኔ በቃሌ ነኝ ብለው ተቀመጡ። ስለዚህ ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ላክልን፣ ና፣ ታረቅ አልልህም። ለእሳቸው ጻፍላቸው። ቀኑ ያለፈ እርሾ መላክህን፣ እያወቅክም ዝም ማለትህን በገዛ እጅህ ጻፍና እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት ይነበብ። ሣባ ይኼን አልጠየቀችኝም፤ ከአንተ ምንም አትፈልግም። የጠየቅኩህ እኔ ነኝ። ካልጻፍክ ለእኔም አትጻፍልኝ።

እንግዲህ ሰላምታውን ላቅርብና ልጨርስ። ሐቢባ ሰላም ብላሃለች፤ ሁሉን ሰምታ እንኳ አላህ ይመልሰው ነው ያለችው፣ ከእኛ ትሻላለች። እትዬ ትብለጽ ሰላም ብለውሃል፣ ሹራብ ላክልኝ ብለዋል። የንስሐ አባታችን በጸሎት እንደማይረሱህ ንገሪው ብለዋል፤ የሚያስፈልግህም ይመስለኛል። ሣባ ሰላም አላለችህም፣ ክፉም አላለችህም፤ ስምህን ሳነሳ ሥራዋን ቀጠለች። አሁን ኮተቤ ጠላ እየጠነሰሰች ትሸጣለች፣ ገበያዋም ጥሩ ነው ይላሉ። እኔም ሰላም ብየሃለሁ፣ ብርድ ልብስህን ልበስ።

አደይን ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኳት። በየደብዳቤው መጨረሻ ሁልጊዜ የምታስጽፈኝን ምርቃት ታውቀዋለህ፤ ብዕሬን ይዤ ጠበቅኩ። ወደ ጓዳው ዞረች። በሙት ዓመቱ ማግስት ጋሪ ጠርታ፣ ያን ጋን በገለባ አስጠቅልላ፣ ከሣባ ጋር ኮተቤ ልካዋለች፤ የነበረበት ጥግ አሁን ባዶ ነው። እዚያ ባዶ ጥግ እያየች፣ ጋኑ ቤት የለም በይው አለችኝ።

እህትህ አለም ገብረእዝጊ
ጉርድ ሾላ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ ፱ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.